የእጅ መገናኛ ራዲዮ አመራረጥና የጥሪ ቃላቱ ጉዳይ፦ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ የተገኘ ትምህርት

1. መግቢያ

አንድ አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ የቋንቋ ባለሙያ ዘወትር የሚጠየቀው ጥያቄ «ስሙን በአማርኛ ምን እንበለው?» የሚል ነው። ለመሣሪያውና ለክፍሎቹ ስም ከተገኘላቸው ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። የእጅ መገናኛ ራዲዮ ግን ከሌሎች መሣሪያዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ምጣድ ወይም መጋዝ ስሙ ቢበላሽም ሥራውን ይሠራል፤ መገናኛ ራዲዮ ግን ሥራው ራሱ ቃልን መሸከም ነው። ስለዚህ ስለ መሣሪያው የምንናገራቸው ቃላት ብቻ ሳይሆኑ በመሣሪያው የምንናገራቸው ቃላትም የስያሜ ጥናት አካል ናቸው። ቃሉ በደንብ ያልተመረጠ እንደ ሆነ ከሁሉ የተሻለው መሣሪያ እንኳ ሰውን ወደ አደጋ ሊመራ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነው። አንደኛ፣ በርከት ባሉ መኪናዎች በአንድነት የሚጓዙ ሰዎች የእጅ መገናኛ ራዲዮ ሲመርጡ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነገሮችን በአጭሩ መግለጽ፤ ሁለተኛ፣ ለነዚህ ነገሮች በአማርኛ የሚነገሩትን ስያሜዎች መመርመርና የሚሻለውን ማመልከት፤ ሦስተኛ፣ በራዲዮ ለሚደረግ ንግግር የሚስማሙ የጥሪ ቃላት ሐሳብ ማቅረብ ነው። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ነው። ምክንያቱም ለዚህ ጥናት ያነሣሣን ነገር የደረሰብን በዚያ ስለ ሆነ፣ ደግሞም የአካባቢው አቀማመጥ የራዲዮን ጠባይ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

2. የጉዳዩ መነሻ

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወልድያ የሚደርሰው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ይህ ሁለተኛው መንገድ ቻይናውያን ስለ ሠሩት እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ከከተማይቱ ወደ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ድረስ፣ የሩዝ እርሻ የሞላበት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። በደቡብ ጉማራ፣ በሰሜን ርብ የተባሉት ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ሁለቱም ሲሞሉ ውኃው ከቦዩ እየወጣ በሜዳው ላይ ይተኛል። ዋልካው መሬት ውኃውን ቶሎ ስለማይመጥ ትናንት መኪና ያለፈበት መንገድ ዛሬ ኩሬ ሆኖ ይገኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር የእርሻ ቃላት ለመሰብሰብ በሦስት መኪና ሆነን ከባሕር ዳር ወደዚሁ ሜዳ ሄደን ነበር። ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን ወደ ሐይቁ በሚወስደው የጠጠር መንገድ ስንጓዝ፣ የፊተኛይቱ መኪና ውኃ የተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ደረሰች። ሾፌሩ እንደ ምንም ተሻገረ፤ ነገር ግን ውኃው ከገመተው በላይ ጥልቅ ሆኖ አገኘው። አጠገቡ የነበረው ባልደረባችን የራዲዮውን ቁልፍ ተጭኖ በዚያው ቅጽበት «አትግባ!» ሲል ተጣራ። በሁለተኛይቱ መኪና ውስጥ የተሰማው ቃል ግን «ግባ» የሚል ነበር። ሾፌሩም ገባ። ሞተሩ ውኃ ጠጥቶ መኪናዋ በመካከል ቆመች። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ የአካባቢው ገበሬዎች በሬ ጠምደው በገመድ ስበው አወጡን። ይሁን እንጂ ከመቀመጫው ሥር በካርቶን የነበሩት የስድስት ሳምንት የቃላት ካርዶቻችን ራሱ፤ የብዙዎቹም ቀለም ፈሶ ሊነበብ የማይችል ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። አንዱ ባልደረባችን «አትግባ ብያለሁ» ብሎ ማለ፤ ሌላውም «ግባ ሲል ሰምቻለሁ» ብሎ ማለ። ሁለቱም እውነተኞች ነበሩ። በመካከላቸው የጠፋው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ያ ቀለም ደግሞ በአማርኛ የክልከላውን ትርጉም ሁሉ ብቻውን የተሸከመ ነው።

3. ስለ መሣሪያውና ስለ ቡድኑ ስም

ከሩቅ ለመነጋገሪያ በሽቦ የሚሠራው መሣሪያ በአገራችን «ስልክ» ተብሏል። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። ሽቦ የሌለው መገናኛ በመጣ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ «የነፋስ ስልክ» አለው፤ ይህም በቃል በቃል ፍቺ የነፋስ ሽቦ እንደ ማለት ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ የሚገኘው ንፋስ ስልክ የተባለው ሰፈር ይህን ጥንታዊ ስያሜ እስከ ዛሬ ጠብቆ ይገኛል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ምንም ሽቦ የለውም፤ ስሙን ግን አልለወጠም። ከዚህ የምንረዳው ስያሜ በአመጣጡ ትክክል መሆኑ ሳይሆን በአገልግሎቱ አለማሳሳቱ ዋና ነገር እንደ ሆነ ነው።

ለእጅ መገናኛው በሰፊው የሚነገረው ውሰት ቃል «ዎኪቶኪ» ነው። ይህ ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መጀመሪያ የተሰጠው በጀርባ ለሚታዘል ከባድ ራዲዮ እንጂ በእጅ ለሚያዘው አልነበረም፤ በኋላ ወደ ትንሹ ተላለፈ። ቃሉ በንግግር መኖሩ አይጎዳም። በመግለጫ ጽሑፍና በውል ግን «የእጅ መገናኛ ራዲዮ» የሚለውን እንመርጣለን። አሳጥሮ «የእጅ ራዲዮ» ማለት አይበቃም፤ ምክንያቱም በገጠር የእጅ ራዲዮ ሲባል ወዲያው የሚታሰበው ዜናና ዘፈን የሚሰማበት ተቀባይ ብቻ የሆነው ራዲዮ ነው። መቀበልንና መላክን በአንድነት የሚያመለክተው «መገናኛ» የሚለው ቃል ነውና አይቀርም።

በአንድነት የሚጓዙ መኪናዎችን በተመለከተ «ኮንቮይ» የሚለው ቃል በሠራዊቱና በሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። ለሰርግ ሲሆን «አጀብ» ይባላል። ነገር ግን አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ «ቅፍለት» የሚል የቆየ ቃል አለው፤ ነጋዴዎች ሽፍታ በመፍራት፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድምና ሳይተው፣ በአንድነት የሚጓዙበት ማለት ነው። ለጥምቀት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ተያይዘው የሚወጡት መኪናዎች ሥራቸው ይኸው ስለ ሆነ ቃሉን ለነርሱ ማዋል ያስኬዳል። በቅፍለቱ ውስጥ ለፊተኛይቱ መኪና «ፊታውራሪ»፣ ለኋለኛይቱ «ደጀን» የሚለውን የጥሪ ስም ብንሰጥ ሁለቱም ቃላት በጥንት የጦር አሰላለፍ የያዙትን ቦታ ሳይለቁ ያገለግሉናል፤ በድምፃቸውም አንዱ ከሌላው ጋር አይምታታም።

4. ራዲዮው ሲመረጥ የሚታዩ ነገሮችና ስያሜዎቻቸው

የተንቀሳቃሽ ስልክ በበዛበት ዘመን ራዲዮ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። መልሱ ሁለት ነው። ስልክ የኔትወርክ ማማ በሌለበት ወይም በማይደርስበት ቦታ ዝም ይላል፤ ራዲዮ ግን ከመኪና ወደ መኪና በቀጥታ ይናገራል። ደግሞም ስልክ አንድን ሰው ከአንድ ሰው ጋር ሲያገናኝ፣ ራዲዮ የአንዱን ቃል ለሁሉም በአንድ ጊዜ ያሰማል። ድልድይ ላይ የደረሰ ሰው አራት ቁጥር እየደወለ አራት ጊዜ ከመናገር አንድ ጊዜ ተናግሮ ቢሰማ ይሻለዋል።

ሀ. ሞገድ፣ ድግግሞሽ፣ ቻናል። «ሞገድ» ለራዲዮ ጨረር የተለመደ ስያሜ ነው። ሞገዱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚያሳየው መጠን በፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት «ድግግሞሽ» ተብሏልና እርሱን እንቀጥልበት። የእጅ መገናኛ ራዲዮዎች በአብዛኛው ከ136 እስከ 174 ሜጋ ሄርዝ ባለው ወይም ከ400 እስከ 470 ሜጋ ሄርዝ ባለው ክፍል ይሠራሉ። 150 ሜጋ ሄርዝ ላይ አንዱ ሞገድ 2 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ 450 ሜጋ ሄርዝ ላይ ደግሞ 67 ሳንቲ ሜትር ያህል። የመጀመሪያው እንደ ፎገራ ባለ ገላጣ ቦታ ራቅ ብሎ ለመሰማት ይሻላል፤ ሁለተኛው በከተማ ውስጥ በሕንፃዎች መካከልና በመኪና መስኮት በኩል ማለፍ ይቀናዋል። ሁለቱ ክፍሎች እርስ በርሳቸው አይሰማሙምና ቅፍለቱ በሙሉ አንድ ዓይነት መግዛት ይኖርበታል።

በአንድ ድግግሞሽ ላይ ለሚደረገው የንግግር መንገድ «መስመር» የሚል ስያሜ የሚጠቀሙ አሉ። ለስልክ ቃሉ ተስማሚ ነው። በመኪና ውስጥ ግን ሾፌር «መስመር» ሲባል የሚረዳው የመኪና መንገዱን ወይም በአስፋልቱ ላይ የተሰመረውን ነው። «ወደ መስመር 3 ግቡ» የሚል ትእዛዝ በራዲዮ ቢሰማ መሪውን የሚያዞር ሊኖር ይችላል። በዚህ ምክንያት በቴሌቪዥን አማካይነት በሕዝብ ዘንድ የታወቀውን «ቻናል» የሚለውን ውሰት ቃል እንመርጣለን። ውሰት ቃል የሚነቀፈው አገሬው ቃል ሥራውን ሲችል ነው፤ አገሬው ቃል በሚያሳስትበት ቦታ ውሰቱ ይሻላል።

ለ. የመሰማት ርቀት። አንዳንዶች ይህን «ክልል» ይሉታል። ቃሉ ለአስተዳደር ክፍል መጠሪያ ከሆነ ወዲህ «ከክልል ውጭ ነን» የሚል መልእክት ሌላ ትርጉም ይሰጣልና ቢቀር መልካም ነው። «የመሰማት ርቀት» ረዘም ቢልም አያሻማም። በሻጮች ሣጥን ላይ አንዳንድ ጊዜ 50 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ከተራራ ጫፍ ወደ ገላጣ ሜዳ፣ ምንም ነገር ሳይጋርድ፣ ሊሆን የሚችለው ነው። ተርጓሚው «እስከ» የምትለውን ቃል ከዘለላት ደግሞ ተስፋው ውሸት ይሆናል። እውነተኛው መለኪያ ከፍታ ነው። ራዲዮ የሚደርስበትን አድማስ በኪሎ ሜትር ለመገመት የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ሥሩን (ስኩዌር ሩቱን) በ4.12 ማባዛት ነው። ሁለት ሰዎች በ1.5 ሜትር ከፍታ ራዲዮ ቢይዙ የሁለቱ አድማስ ተደምሮ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም በንጹሕ ሜዳ ላይ የሒሳቡ ጣሪያ ሲሆን፣ ብረት በከበበው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለሚናገር ሰው ከዚህ እጅግ ያንሳል።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከሐይቁ ደረጃ፣ ማለትም ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ከሆነው ሜዳ፣ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ይወጣል። በሜዳው ላይ በጥራት ይሰማ የነበረው ራዲዮ ዳገቱ ሲጀመር ከአንድ ጉብታ ጀርባ ዝም ይላል። ይህ የመሣሪያው ብልሽት አይደለም፤ ጉብታው ሞገዱን ስለሚጋርደው ነው። ስለዚህ ደጀን ከፊታውራሪ ምን ያህል ትራቅ የሚለው ውሳኔ በሜዳና በዳገት አንድ ሊሆን አይችልም።

ሐ. ኃይል። የእጅ ራዲዮ ኃይል በዋት ይለካል። ዋቱ ሲታጠፍ ርቀቱም የሚታጠፍ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ምንም በማይጋርድበት ባዶ ስፍራ እንኳ ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ኃይሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ከዋት ይልቅ ከመኪናው ጣራ ላይ በማግኔት የሚቀመጥ አንቴና ብዙ ይረዳል። «አንቴና» ለሁሉም የታወቀ በመሆኑ ሌላ ስያሜ አያሻውም። ገዢው ሊያረጋግጥ የሚገባው በራዲዮው ላይ ያለው አንቴና ተፈትቶ በሌላ የሚተካ መሆኑን ነው።

መ. ባትሪና ድንጋይ። በአማርኛ «ባትሪ» በሌሊት የምናበራው የእጅ መብራት ነው፤ በውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። በመኪና ውስጥ ያለውም ባትሪ ይባላል። ስለዚህ «ትርፍ ባትሪ ይዛችሁ ኑ» የሚል የጉዞ ማስታወሻ ሦስት ዓይነት ዕቃ ሊያስመጣ ይችላል። በመግለጫ ጽሑፍ «የራዲዮው ተሞይ ባትሪ» እና «ደረቅ ድንጋይ» ብሎ መለየት ያስፈልጋል። ለረዥም ጉዞ በመኪናው የሲጋራ መለኮሻ በኩል የሚሞላ፣ ችግር ሲመጣም በማንኛውም ሱቅ በሚገኝ ድንጋይ ሊሠራ የሚችል ራዲዮ ይመረጣል።

ሠ. ውኃን መቋቋም። በክረምት ለሚሄድ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም። «ውኃ የማያስገባ» የሚለው አነጋገር ግን በልክ መነገር አለበት። አይ.ፒ.67 የሚል ምልክት ያለበት መሣሪያ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ እንዳይበላሽ ተፈትኗል። በምልክቱ መጨረሻ 4 ያለበት ደግሞ ፍንጣቂን ብቻ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ቃል «ውኃ የማያስገባ» ብሎ የተረጎመ ሰው ገዢውን አሳስቷል። የመጀመሪያውን «መጥለቅን የሚችል»፣ ሁለተኛውን «ፍንጣቂን የሚችል» ብንል ልዩነቱ ይጠበቃል።

ረ. ጫጫታ መግቻና ቅብብል ጣቢያ። ስኩዌልች የሚባለው ክፍል ማንም በማይናገርበት ጊዜ የሚሰማውን የራዲዮ ጫጫታ ይዘጋል፤ በቂ ምልክት ሲመጣ ይከፍታል። ለዚህ «ጫጫታ መግቻ» የሚል ስያሜ እናቀርባለን። የደከመን ድምፅ ከከፍታ ላይ ተቀብሎ እንደገና የሚያስተላልፈውን ጣቢያ ግን «ደጋሚ» ብሎ መሰየም አይገባም። በጎንደርና በጎጃም «ደጋሚ» ዳዊት የሚደግም ነው፤ ደግሞም ድግምት የሚደግም ነው። በተራራ ላይ ደጋሚ ተተከለ የሚል ወሬ የሚያመጣውን መገመት አያዳግትም። ከ«ዱላ ቅብብል» ጋር የሚዛመደው «ቅብብል ጣቢያ» ይሻላል።

ሰ. ፈቃድ። በአንዳንድ ሣጥኖች ላይ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል ጽሑፍ ይገኛል። ይህ አነጋገር እውነት የሚሆነው ሣጥኑ በታተመበት አገር ነው። ለምሳሌ በአውሮፓ 446 ሜጋ ሄርዝ ላይ የሚሠሩ የግማሽ ዋት ራዲዮዎች፣ በአሜሪካም 462 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ የሚሠሩ የቤተሰብ ራዲዮዎች፣ በየአገራቸው ያለ ፈቃድ ይያዛሉ። በኢትዮጵያ ግን የራዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ከግዢ በፊት መጠየቅ የሚገባውም እርሱ ነው። በተለይም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያት ያለ ፈቃድ የተያዘ መገናኛ ራዲዮ ባለቤቱን ለከባድ ጥርጣሬ ሊያጋልጠው እንደሚችል ግልጽ ነው። ተርጓሚው የሣጥኑን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ ቢመልሰው ቃሉን ተርጉሞ እውነቱን ያጎድላል። «በተመረተበት አገር ሕግ» የሚል ሐረግ መጨመር የተርጓሚው ግዴታ ነው እንላለን።

5. የጥሪ ቃላት

አሁን ወደ «አትግባ» እንመለስ። የመናገሪያው ቁልፍ ሲጫን መሣሪያው ወዲያው መላክ አይጀምርም፤ ጥቂት የሴኮንድ ክፍልፋይ ይፈጅበታል። በተቀባዩም በኩል ጫጫታ መግቻው እስኪከፈት እንዲሁ ጥቂት ጊዜ ያልፋል። በቅብብል ጣቢያ የሚያልፍ ከሆነ መዘግየቱ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ቸኩሎ የሚናገር ሰው የመጀመሪያው ቀለም ይቆረጥበታል። እንዲሁም ተናግሮ ሳይጨርስ ቁልፉን የሚለቅ ሰው የመጨረሻው ቀለም ይቆረጥበታል።

የአማርኛን ሰዋስው የሚያውቅ ሰው አደጋውን ወዲያው ይገነዘባል። በአማርኛ ክልከላ የሚነገረው በቅድመ ቅጥያ ነው፤ አትግባ፣ አትሂድ፣ አትቀጥል። ያለቀ ድርጊት ሲሆን «አልሄደም» እንደምንለው አፍራሹ በፊትም በኋላም ይመጣል፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል። በክልከላ ግን የኋለኛው «ም» የለም። «አት» ከተቆረጠች የሚቀረው ፍጹም የሆነ፣ ሰዋስው ያልጎደለው፣ ተቃራኒ ትእዛዝ ነው፤ ግባ፣ ሂድ፣ ቀጥል። አድማጩ አንድ ነገር እንደ ጎደለ የሚጠረጥርበት ምልክት አያገኝም። በሌላ በኩል፣ ማሰሪያ አንቀጹ በመጨረሻ ስለሚመጣ፣ «መንገዱ ክፍት አይደለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጫፉ ሲቆረጥ «መንገዱ ክፍት» ሆኖ ይሰማል። እንግዲህ አማርኛ «አይሆንም» የሚለውን ሐሳብ የሚያስቀምጠው ራዲዮ በሚቆርጣቸው በሁለቱ ጫፎች ላይ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመጥበቅና የመላላት ነው። «አልሰማም» የሚለው ቃል «ሰ»ን ተከትላ የምትመጣው «ማ» ስትላላ «እኔ አልሰማም» ማለት ይሆናል፤ ስትጠብቅ «እርሱ አልሰማም» ማለት ይሆናል። በጫጫታ ውስጥ ጥብቀት በቀላሉ ይጠፋል። ራዲዮ የያዘው ሰው ራሱ እንዳልሰማ ይሁን ወይስ ደጀን እንዳልሰማች ይሁን አይታወቅም። በጽሑፍም ቢሆን ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ በመመሪያ ወረቀት ላይ ይህ ችግር አይቃለልም። ስለዚህ «ድምፅ አይደርሰኝም» የሚል አነጋገር ይተካ።

ሦስተኛው የቃላት ድርብ ትርጉም ነው። «ቀጥል» ማለት ንግግርህን ቀጥል ማለት ነው፤ መንዳትህን ቀጥል ማለትም ነው። «ልቀቅ» ማለት ቁልፉን ተው ማለት ነው፤ ድምፅ አሰማ ማለትም ነው። ከሁሉ ይበልጥ የምታሳስተው ግን «እሺ» ናት። አማርኛ ተናጋሪ ሌላው ሲናገር በየመካከሉ «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ይህም እየሰማሁ ነው ለማለት ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ እስማማለሁ፣ እፈጽማለሁ ማለት ነው። ፊት ለፊት ስንነጋገር ፊታችን ልዩነቱን ይገልጸዋል፤ በራዲዮ ግን ፊት የለም።

እንዲህ ያለው ነገር በሌላም ዓለም ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1977) በካናሪ ደሴቶች፣ በቴኔሪፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጉም ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቶቹ ብዙ ነበሩ። ከነርሱ አንዱ ግን ለመነሣት የሚጠባበቀው አውሮፕላን አብራሪዎች መነሣታቸውን ለመግለጽ የተናገሩት ቃል ለሁለት ትርጉም የተጋለጠ መሆኑ፣ ተቆጣጣሪውም በመጀመሪያ የመለሰላቸው ቃል እንደ እኛ «እሺ» ያለ መሆኑ ነው። ወዲያው ያስከተለው የመጠባበቅ ትእዛዝም ሌላው አውሮፕላን በዚያው ቅጽበት በመናገሩ በሁለት ድምፅ መደራረብ ተበላሽቶ በጥራት ሳይሰማ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በአቪየሽን የመነሣት ቃል ፈቃዱ በእርግጥ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር እንዳይነገር ተደንግጓል። አንድ ቃል ለአንድ ሥራ ብቻ መመደብ ሕይወት የሚያድን የስያሜ ሥራ መሆኑን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አያሳይም።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

(1) ክልከላ በአፍራሽ ቃል አይነገር። በ«አትግቡ» ፈንታ «ቁሙ»፣ በ«ክፍት አይደለም» ፈንታ «ዝግ ነው» ይባል። «ቁሙ» ጫፉ ቢቆረጥ «ቁም» ይሆናል እንጂ ትርጉሙ አይገለበጥም።

(2) ትእዛዝ ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ይነገር፤ ቁሙ፣ እለፉ፣ ተመለሱ። ይህም ወንድና ሴት፣ ታናሽና ታላቅ ሳይለይ ለሁሉ ይስማማል፤ በችኮላ ጊዜ «አንተ» ልበል ወይስ «እርስዎ» የሚለውንም ጭንቀት ያስቀራል።

(3) «ቀጥል» ከራዲዮ ንግግር ይውጣ። ለመንዳት «እለፉ»፣ ለመናገር «ተናገሩ» ይባል።

(4) «እሺ» አይነገር። መልእክቱ ከደረሰ «ሰምቻለሁ»፣ የታዘዘው የሚፈጸም ከሆነ «እፈጽማለሁ» ይባል።

(5) ተራን ለመልቀቅ «ተቀበል» ይባል። ይህን ቃል ከሠራዊት መጽሐፍ መዋስ አላስፈለገንም። በጎንደር አገር አዝማሪ መሰንቆውን ይዞ ሲዘፍን አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም የተሰጠውን ቃል መልሶ ያዜመዋል። በዚህ ልማድ ውስጥ ለራዲዮ የሚያስፈልጉት ሁለቱም ነገሮች አሉ፤ ተራን አሳልፎ መስጠትና የተሰማውን መልሶ ማሰማት። ስለዚህ ተቀባዩ ትእዛዙን ደግሞ ይናገር። በእኛ ጉዞ ሁለተኛይቱ መኪና «እገባለሁ» ብላ መልሳ ብትናገር ኖሮ ስሕተቱ በዚያው ይታወቅ ነበር። ቃሉ እንደ አዝማሪው ጥሪ የጸና ስለ ሆነ በጾታና በቁጥር አይለወጥ።

(6) በራዲዮ የሚያልፈው የድምፅ ወርድ ጠባብ በመሆኑ እንደ «ሰ» ያሉት ፉጨት መሰል ድምፆች ይደበዝዛሉ። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ሦስቱም በዚሁ ድምፅ ይጀምራሉ። ስለዚህ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይነገር፤ የቅፍለቱም ቻናል ከተቻለ ከነዚህ ከሦስቱ ውጭ ይሁን።

(7) ስለ ውኃ ሲነገር ሦስቱ ቃላት ይለዩ፤ ከዝናብ የሚወርደው «ጎርፍ»፣ ወንዙ ከቦዩ ሲያልፍ «ሙላት»፣ ከላይ አገር ዘንቦ በድንገት የሚመጣው «ደራሽ» ነው። ሙላት ሲሆን መመለስ ያዋጣል፤ ደራሽ ሲሆን ግን በአፋጣኝ ከፍ ወዳለ ስፍራ መውጣት ያስፈልጋል። የቋንቋችን ሀብት በዚህ ረገድ በቂ ነው፤ የሚያስፈልገው በቦታው መጠቀም ነው።

6. ማጠቃለያ

ለዚህ ሐሳብ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ቁልፉን ተጭኖ፣ አንድ ትንፋሽ ቆይቶ፣ ከዚያ መናገር ከተለመደ ቀለም አይቆረጥም፤ ስለዚህ ችግሩ የአጠቃቀም እንጂ የቃል አይደለም የሚል ነው። ልማዱ መማር እንዳለበት አንክድም፤ ለጉዞ የሚነሡ ሰዎች ሁሉ መኪናው ሳይነቃነቅ በግቢ ውስጥ ሊለማመዱት ይገባል። ነገር ግን የተደነገጠ ሰው ትንፋሽ አይቆጥርም። የጥሪ ቃል የሚፈተነው ሁሉም በተረጋጋበት ሰዓት ሳይሆን ባልደረባችን ውኃውን አይቶ በጮኸባት ቅጽበት ነው። ቃሉ ተቆርጦም እንኳ እውነቱን የሚናገር መሆን አለበት።

ስለዚህ ራዲዮ የሚገዛ ቡድን ከፈቃድ፣ ከድግግሞሽ፣ ከአንቴና፣ ከባትሪና ከውኃ መቋቋም ቀጥሎ አንድ ሌላ ነገር ማዘጋጀት አለበት፤ ይኸውም በየመኪናው መስታወት ላይ የሚለጠፍ የጥሪ ቃላት ዝርዝር ነው። የመሣሪያ መመሪያ የሚተረጉሙ ባልደረቦቻችንም ከመመሪያው መጨረሻ እንዲህ ያለውን ዝርዝር በአማርኛ ጠባይ መሠረት ቢያክሉበት ሥራቸው የተሟላ ይሆናል። ከሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ተናጋሪዎችም አፍራሹ ቃል በየቋንቋቸው የት እንደሚቀመጥና በራዲዮ ምን እንደሚደርስበት መርምረው እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን። የራሱትን ካርዶች ለመተካት በተከታዩ ዓመት ወደ ፎገራ በተመለስን ጊዜ ከዚያችው ዝቅተኛ ቦታ ስንደርስ በራዲዮው የተሰማው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ቁሙ»። ሁላችንም ቆምን።